የቆሙት ሽማግሌዎችና ቲቸር ዲፋይን

አንድ ቀን፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ አፉን አዳልጦት «ቲቸር፣ ዛሬስ በምን ስታይል ላስተካክልዎ?» አለና ጉድ ፈላ። ቲቸር ልሳነወርቅ የራሳቸው ግማሽ ተላጭቶ፣ ግማሹ ሳይነካ፣ አንገታቸው ላይ የታሰረውን ጨርቅ እንኳ ሳይፈቱ ከወንበሩ ብድግ አሉ።

«ዲፋይን!» አሉት ጣታቸውን ቀስረው። «ስታይል ማለት ምን ማለት ነው? በቀላል ቃል፣ የሁለተኛ ክፍል ልጅ በሚገባው!»

«ስታይል ማለት... ያው ስታይል ነዋ፣ ቲቸር» አለ ምስኪኑ።

«ቃሉን በራሱ በቃሉ? ጭቃን በጭቃ ማጠብ!» ብለው በግማሽ ራሳቸው ወጥተው ሄዱ። የቀረውን ግማሽ ሌላ ሰው ጨረሰላቸው ይባላል። ያም ሰው የተረፈው አፉን ዘግቶ ስለሠራ ነው።

ሰውየው እንግዲህ ይኼው ናቸው። እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ከተማውን በሙሉ ክፍል ያደረጉት ሰው። ሕጋቸው አንድ ናት፦ የእንግሊዝኛ ቃል ከአፉ የወጣ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቃሉን በቀላል አነጋገር ይፍታ። «የማያውቁትን ቃል መናገር የሰው ጫማ አድርጎ መሄድ ነው» ይላሉ። በዚህ ዘመን ደግሞ ያለ እንግሊዝኛ ቃል ሁለት ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው ከየት ይመጣል? ባለ ሱቁ «ቻርጅ አልቋል» ሲል ይያዛል፣ የባጃጁ ልጅ «ሰርቪስ ላይ ነኝ» ሲል ይያዛል። ሰዉ ቲቸርን ከሩቅ ሲያይ መንገድ መቀየር ለመደ፤ ስማቸውንም «ቲቸር ዲፋይን» አላቸው። እሳቸውን ራሳቸውን «ዲፋይን» የሚላቸው ደፋር ግን በዚያች ከተማ አልተፈጠረም ነበር።

በዚህ ሰው ቤት ያደገችው ሐመልማል ናት፤ አንድ ልጃቸው። ሕፃን ሳለች እንቁላል ካማራት መጀመሪያ እንቁላልን መፍታት ነበረባት። «ዶሮ የምትጥለው፣ ሲወድቅ የሚሰበር፣ ሲጠበስ የሚጣፍጥ ነገር» ትላለች፤ ያን ጊዜ አባቷ ደስ ብሏቸው ሳህኑን ወደ እሷ ይገፋሉ። ዛሬ አድጋ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ እሳቸው ግን እንዳሉ ናቸው። በተለይ አንዲት ታሪክ አለቻቸው፦ ድሮ አንድ ኢንስፔክተር ክፍላቸው መጥቶ፣ ተማሪያቸው «ድልድይ» የሚለውን ቃል አሳምሮ ሲፈታ ሰምቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ የነሳበት ታሪክ። ከተማው በሙሉ ይህችን ታሪክ ሰምቶ ሰምቶ ሸሽቷታል። ሐመልማል ብቻ፣ ራት ላይ ስትጀመር፣ ማንኪያዋን አስቀምጣ «ከዚያስ አባዬ?» ትላለች። አባቷን ትወዳቸዋለቻ፤ ሌላ ምን ሚስጥር አለው!

ታዲያ ይህች ልጅ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ሞባይል የሚጠግነውን አንሙትን ወደደች። አንሙትም ወደዳት። ችግሩ፣ አንሙት የቲቸር የድሮ ተማሪ ነበረ፤ ያውም የኋላ ወንበር ተማሪ። አንድ ቀን ቲቸር አስነሥተው «ቲቸር ማለት ምን ማለት ነው?» ቢሉት፣ «ደወል እስኪደወል የማያቆም ሰው» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። ቲቸር እስከ ደወሉ ድረስ አቆሙት። ነገሩን ልጁ ረሳው፤ እሳቸው አልረሱትም።

ጋብቻ ደግሞ ያለ ሽማግሌ አይሆንም። በዚያ አገር ወግ፣ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። በቆመበት ይለምናል፤ አባትየው «ተቀመጡ» ካሉ ነገሩ አለቀ፣ ልጅቷ ተሰጠች። ካላሉ ሽማግሌው እንደቆመ ይመለሳል። እስከ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ሦስተኛውን ቆሞ ከተመለሰ ግን አራተኛ የለም፣ ሌላ ቤት መፈለግ ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ የአንሙት ንስሐ አባት ቄስ ይግዛው ነበሩ። አሳምረው መርቀው፣ አሳምረው ለምነው፣ መጨረሻ ላይ «እንግዲህ የሠርጉን ፕሮግራም...» ከማለታቸው «ዲፋይን!» ተባሉ። ቄሱ የሚያውቁትን ጸሎት ሁሉ በልባቸው አደረሱ፣ ፕሮግራም ግን አልተፈታ አለ። ቆመው ተመለሱ።

ሁለተኛው ጊዜ «እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ!» ተብሎ የአንሙት አጎት፣ ባንክ ቤት የሚሠሩት አቶ ደመላሽ ተመረጡ። ቲቸር «ማሬጅ ማለት?» ሲሏቸው አቶ ደመላሽ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከመዝገበ ቃላት የሸመደዱትን ረጅም ነገር አንድም ሳያስቀሩ አፈሰሱት። ቲቸር ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣ «ይህን የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይረዳዋል?» አሉ። አቶ ደመላሽ እውነቱን ለመናገር ራሳቸውም አልተረዱትም ነበር። ቆመው ተመለሱ።

የዚያን ዕለት የሐመልማል እናት ወይዘሮ አዛለች ከጓዳ ወጥተው ባላቸው ላይ ጮኹባቸው። «ልጄን በእንግሊዝኛህ ቆማ ልታስቀራት ነው! ሁለቴ ዶሮ ሠርቼ ሁለቴ ለጎረቤት አከፋፈልኩ! አሁንስ አፍሬ ከቤት መውጣት አቃተኝ!»

ሐመልማልም እያለቀሰች «አባዬ፣ እኔ አንሙትን ነው የምፈልገው። ያላንተ ምርቃት ግን ከዚህ ቤት አልወጣም» አለች።

«ቃል መፍታት ያልቻለ ቤት ያቆማል ብዬ አላምንም» አሉ ቲቸርና ጋዜጣቸውን ፊታቸው ላይ ዘረጉ። ሐመልማል ግን አየች፦ ጋዜጣው ተዘቅዝቆ ነበር።

ሦስተኛውና መጨረሻው ሽምግልና በደረሰ ሳምንት አንሙት ደወለላት።

«አፈ ጉባኤ አገኘሁ። ጋሽ አሞኘ።»

«ማን? የከብት ደላላው?» ሐመልማል ልቧ ወረደ። «አንተ! ኤ ከ ቢ የማይለዩትን ሰው አባዬ ፊት ታቆማለህ?»

«ምን ላድርግ፣ ባንከሩም አላዋጣ። ጋሽ አሞኘ ደግሞ የታመመ በሬ እንኳ እያሳሳቁ የሚያሻሽጡ ሰው ናቸው።»

«እና ምን አሉህ?»

«‹ለሽምግልናው ቀን እንግሊዝኛ የሚባል ከአፋችን አይወጣም፣ ለቄሱም ለአጎትህም ንገር› አሉኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ‹ሰውየው ክፍል ውስጥ ሲጠይቁ ተማሪው ምን ይሆናል?› አሉ። ‹ይቆማል› አልኳቸው። ‹ሲመልስስ?› አሉ። ‹የመለሰ ይቀመጣል፤ እኔ እንኳ አንድም ቀን ሳልቀመጥ ነው ያለፍኩት› ብላቸው በሳቅ ወደቁ።»

«ሳቁብህ?»

«ሳቁብኝ። ምን ያስቃል?»

ሐመልማል ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ትዳሯ እንግዲህ በከብት ደላላ እጅ መውደቁ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች ደረሱ። ጋሽ አሞኘ መሐል፣ ቄስ ይግዛው በቀኝ፣ አቶ ደመላሽ በግራ፣ ሳሎኑ ውስጥ ተደርድረው ቆሙ። ቲቸር ልሳነወርቅ ወንበራቸው ላይ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። ከሳሎኑና ከጓዳው መሐል መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ኋላ ሐመልማልና እናቷ አሉ። ወይዘሮ አዛለች ለሦስተኛ ጊዜ ዶሮ ሠርተዋል፤ ዘንድሮ ጎረቤቱ ጠግቧል፣ ይህኛው ካልተበላ የሚሰጡትም ሰው የለ።

«ቤቱን ሰላም ያድርግልን» አሉ ጋሽ አሞኘ። «ቲቸር፣ ልጃችን አንሙት ልጅዎን ለትዳር ፈልጎ፣ እኛም ወገን ልንሆንዎ ፈልገን፣ በእግዜር ስም ቆመን እንለምናለን።»

ቲቸር ጆሯቸውን አቁመው ሰሙ። ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ፣ ከራሳቸው መጠሪያ በቀር፣ የምትያዝ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል የለችም። ቅር አላቸው። ትንሽ አሰቡና ወጥመድ ዘረጉ።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሞባይል ጠጋኝ ነው እንዳይባል፣ ሞባይል የማን ቃል ነው! ቄስ ይግዛው ለጥያቄ መልስ መስጠት የለመዱ ሰው ናቸውና አፋቸው ቀደማቸው።

«ሞ...»

ጋሽ አሞኘ እግራቸውን ረገጡባቸው።

«ሞ... ሞገስ ያለው ሥራ ነው» አሉ ቄሱ ላባቸውን እየጠረጉ።

«ሞገስስ አለው» ተቀበሉ ጋሽ አሞኘ። «አየህ ቲቸር... ይቅርታ፣ አዩ ቲቸር፣ አንድ ዕቃ አለ። ሰው ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ሲጮህ አውጥቶ ጆሮው ላይ ይለጥፈዋል። ሩቅ ያለውን ሰው ያቀርብለታል፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ያርቅበታል። ያ ዕቃ ሲታመም ሆዱን ከፍቶ የሚያድነው ልጃችን ነው።»

ከመጋረጃው ኋላ አጮልቃ የምታየው ሐመልማል አፏን በእጇ ያዘች። አባቷ ያነባበሩትን እግር አውርደው ወደ ወንበሩ ጫፍ ተስበው መጥተው ነበር። ይህን አመጣጥ ታውቀዋለች። እንቁላሉን ስትፈታ እንዲህ ነበር የሚመጡት።

«ሩቁን የሚያቀርብ፣ ቅርቡን የሚያርቅ...» አሉ ቲቸር ለራሳቸው። ከዚያ ደግሞ ደስታቸው እንዳይታወቅ ኮስተር አሉ። «መልካም። ግን ዕቃ መፍታት ቀላል ነው። አንድ ቃል እጠይቃለሁ። ከተፈታ እናያለን፣ ካልተፈታ በመጣችሁበት በር ትወጣላችሁ። ሦስተኛችሁ መሆኑን ታውቃላችሁ።»

«እናውቃለን» አሉ ጋሽ አሞኘ።

«ዶተር» አሉ ቲቸር። ቃሏን ሲያወጧት ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ።

አቶ ደመላሽ ቃሉን ያውቁታል። ሊናገሩ ዳድቷቸው፣ የቄሱን እግር አይተው ተዉት።

«በእኛ ቋንቋ ምንድን ነው እሱ?» አሉ ጋሽ አሞኘ።

«ሴት ልጅ።»

ጋሽ አሞኘ መጋረጃውን አዩት፣ ቲቸርን አዩዋቸው፣ እንደገና መጋረጃውን አዩት። ወይዘሮ አዛለች ሰበነያቸውን ጠበቅ አድርገው «እመቤቴ ድረሽ» እያሉ ያንሾካሹካሉ። ሐመልማል የመጋረጃውን ጫፍ ጨብጣ ያዘች። ይህ ሰው አሁን የከብት ገበያ ቀልድ ቢያመጣ አለቀላት።

«ሴት ልጅ ማለት» አሉ ጋሽ አሞኘ ቀስ ብለው፣ «አባቷ ትናንት የነገራትን ታሪክ ዛሬም ሲነግራት፣ ‹ከዚያስ አባዬ?› የምትል ናት።»

ሐመልማል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያቺን የራት ቃሏን ከተማው ሁሉ እንደሚያውቅ እሷ አታውቅም ነበር።

ቲቸር ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ከዚያስ አባዬ...» አሉ። ቀላል ቃል ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይገባዋል። ቃሉ በራሱ በቃሉ አልተፈታ። ምሳሌውም ከቤት የተወሰደ ነው። ኢንስፔክተሩ ቢኖር ባርኔጣውን ያነሣ ነበር። የኖሩበት ደስታ ከእግራቸው ጀምሮ መጣ፤ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ልክ ጥቁር ሰሌዳው ፊት እንዳሉ፣ ጣታቸውን ወደ ጋሽ አሞኘ ዘርግተው ጮኹ።

«ቬሪ ጉድ! ሲት ዳውን!»

ጋሽ አሞኘ ቁጭ!

በቀኝ እጃቸው የቄሱን ጋቢ፣ በግራ እጃቸው የአቶ ደመላሽን ኮት ጎትተው አብረው አስቀመጧቸው። ከጓዳ ወይዘሮ አዛለች እልልታውን አቀለጡት። እልልታ እንግዲህ እንደ ውሃ ነው፣ ከፈሰሰ አይታፈስ፤ ጎረቤቱም ከወዲያ ማዶ ተቀበለው።

«ምንድን ነው ይሄ? ተነሡ!» አሉ ቲቸር ደንግጠው። «ማን ተቀመጡ አላችሁ?»

«እርስዎ ነዎታ» አሉ ቄስ ይግዛው።

«እኔ? እኔ የልማድ አፌ ነው! ደግሞ በአማርኛ መቼ አልኩ? እንግሊዝኛ ነው የተናገርኩት! እንግሊዝኛ ለሽምግልና አይቆጠርም!»

ጋሽ አሞኘ ሶፋው ላይ ተደላደሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ እግራቸውን አነባበሩ። ከዚያም ጣታቸውን ልክ እንደ ቲቸር ቀስረው፣ «ቲቸር» ካልተቆጠረ በዕድሜያቸው የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ቃል ተናገሩ።

«ዲፋይን!»

ቲቸር ልሳነወርቅ ያወለቁትን መነጽር መልሰው አደረጉ።

«ሲት ዳውን ማለት ምን ማለት ነው?» ቀጠሉ ጋሽ አሞኘ። «በቀላል ቃል፣ የሁለተኛ ክፍል ልጅ በሚገባው። እኔስ ያንንም አልተማርኩ።»

ቲቸር እንደ ተጠየቀ ተማሪ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሐመልማል መጋረጃውን ገልጣ አየቻቸው፤ አሳዘኗትም፣ አሳቋትም። አባቷ እልኸኛ ናቸው፣ ግትር ናቸው፣ ግን ሰውየው በሕይወታቸው የሐሰት ፍቺ ሰጥተው አያውቁም። ቃል ከመዋሸት ልጅ መዳር ይቀላቸዋል።

«ሲት ዳውን ማለት...» አሉ ድምፃቸው እየቀነሰ፣ «የቆመ ሰው... ወንበር ላይ አረፍ እንዲል... መፍቀድ ነው።»

«ፈቅደው ነበር ማለት ነው» አሉ አቶ ደመላሽ፣ በዚያ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ ቄስ ይግዛው።

«ቲቸር» አሉ ጋሽ አሞኘ፣ «ቃሉን እርስዎ ፈቱት፣ እኛ ተቀመጥንበት። እንግዲህ ምን ቀረ?»

ቲቸር ልሳነወርቅ ሦስቱን ተራ በተራ አዩዋቸው። ከዚያ ልጃቸውን አዩ፤ መጋረጃው ሥር ቆማ፣ ፊቷ በእንባ ረጥቦ፣ ጥርሷ ግን ሁሉ ይታያል። ሳቃቸው መጣባቸው። መጀመሪያ ሊውጡት ሞከሩ፣ አልዋጥ አላቸው፤ ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ። «በራሴ አለንጋ!» አሉ። «በራሴ አለንጋ ገረፋችሁኝ!» ብለው ልጃቸውን ጠርተው ግንባሯን ሳሙና መረቋት።

ዶሮው መጣ። ወይዘሮ አዛለች እያንዳንዱን ሽማግሌ በእጃቸው አጎረሱ፤ ጋሽ አሞኘን ሁለቴ። ቲቸር ግን ጥቂት ቆይተው ከሳቃቸው በረዱና ማዕዱ ላይ እጃቸውን ይዘው ቀሩ።

«እሺ፣ ሐመልማል ትሂድ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መቼም ሴት ልጅ ለጎጆዋ ነው። ግን እኔስ? ራት ላይ የኢንስፔክተሩን ታሪክ ለማን ልነግር ነው?»

ሐመልማል ልቧ ተነካ፤ እንግዲያው ያ ሁሉ «ዲፋይን» ለዚህ ኖሯል። አባቷን ልታቅፋቸው ስትነሣ ጋሽ አሞኘ ቀደሟት።

«ለአንሙት ነዋ! አማች እኮ አገኙ።»

«አማች?» ቲቸር ከልማድ የተነሣ ዓይናቸው በራ። «አማች ማለት ምን ማለት ነው?»

ጋሽ አሞኘ ጉርሻቸውን ውጠው አፋቸውን ጠረጉ።

«አማች ማለት» አሉ፣ «ደወል የማይደወልለት ተማሪ ነው።»